«እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውን የኮሌጅ ኢሜይል ከማጥፋታችሁ በፊት

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ሴሚስተሬን እንደጀመርኩ አንድ ኢሜይል መጣልኝ። በግሪክ ፊደላት የተሰየመ ማኅበር አባል እንድሆን ተጋብዣለሁ። ስሙን በትክክል ማንበብ እንኳን አልቻልኩም። ታች ወረድ ስል የመመዝገቢያ ክፍያ ይላል። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ወዲያው ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አጠፋሁት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ መጣ። ደግሜ አጠፋሁት።

ከዓመት በኋላ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ማመልከቻ ስሞላ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። የፋይ ቴታ ካፓ አባል ነዎት ወይ ይላል። አዎ ላሉ ተማሪዎች ብቻ የተመደበ ስኮላርሺፕ ነበር፤ በየዓመቱ የሚታደስ። ሁለት ጊዜ ያጠፋሁት ኢሜይል እሱ ነው። ያንን ገንዘብ ማታ ማታ ፓርኪንግ ቆሜ ነው የሸፈንኩት፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለምትማሩ ነው። በተለይ ደግሞ እንደ እኔ እቤት የሚጠይቁት ሰው ለሌላችሁ።

አገር ቤት ስማችን ይጠራል፣ እዚህ ራሳችን እንጠይቃለን

አገር ቤት ደረጃ አለ። መምህሩ ራሱ ይደምራል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ በወላጆች በዓል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ተጠርቶ ይሸለማሉ። ሰቃይ ተማሪ ከሆንክ ሰፈሩም ያውቃል። ማንም ሸልሙኝ ብሎ ማመልከቻ አያስገባም፣ ቢያስገባም ነውር ነው የሚሆነው።

እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንዱ ክብር በራሱ ይመጣል፣ አንዳንዱ በግብዣ ይመጣል፣ ገንዘብ ያለው አብዛኛው ደግሞ ካላመለከታችሁ አይመጣም። ብዙ የሀበሻ ልጆች ጥሩ ውጤት ይዘው ባዶ እጃቸውን የሚወጡት ይህ ልዩነት ስላልገባቸው ይመስለኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። ግን እኮ የራሳችን ተረት ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል። ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

በራሱ ከሚመጣው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። ዲንስ ሊስት የሚባለው የየሴሚስተሩ የጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ብዙ ኮሌጆች 12 ክሬዲት እና 3.5 ጂፒኤ ይጠይቃሉ፤ ልኩ ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚለያይ የራሳችሁን ካታሎግ እዩ። ሥራ እየሠራችሁ በሴሚስተር ስድስት ወይም ዘጠኝ ክሬዲት ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፣ ለፓርት ታይም ተማሪዎች የተለየ ዝርዝር ያላቸው ኮሌጆች አሉ። ስትመረቁ የሚሰጠው ደግሞ ኩም ላውዴ፣ ማግና ኩም ላውዴ፣ ሱማ ኩም ላውዴ ነው። የእኛን ዲስቲንክሽን፣ ግሬት ዲስቲንክሽን እንደማለት። እዚህ ላይ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምትዛወሩ ተጠንቀቁ፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን ማዕረግ ለመስጠት እዚያው የተወሰደ የተወሰነ ክሬዲት ይፈልጋሉ። ሦስተኛ ዓመት ስትገቡ ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ኮርሶቻችሁን በዚያ አስሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ የመጣችሁ ከሆነ፣ ክሬዲታችሁ ቢያዝላችሁም ግሬዱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አገር ቤት ውጤታችሁ ተበላሽቶ ከነበረ እዚህ እንደ አዲስ ነው የምትጀምሩት። ጎበዝ የነበራችሁም እንደ አዲስ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁሉም በላይ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ኮርስ ላይ አንድ ሲ ጂፒኤውን ክፉኛ ያወርደዋል፣ መልሶ ማንሳቱም ጊዜ ይፈጃል። ከተቻለ ያንን ሴሚስተር ሥራ ቀነስ አድርጉ።

ኦነር ሶሳይቲ ምንድነው

በጥሩ ውጤት የተመረጡ ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1776 ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያምስበርግ ከተማ፣ ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የሚማሩ ወጣቶች መሠረቱት። አሜሪካ ነፃነቷን ካወጀች ገና አምስት ወሯ ነበር። በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ከጀመረ ሰባት ዓመቱ። የግሪክ ፊደል ስም የመጣው ከዚያ ነው፣ ከኋላ የመጡት ተከተሉት።

ፋይ ቤታ ካፓ የሚመርጠው የአርትስ እና የሳይንስ ተማሪዎችን ነው፤ ቅርንጫፍ ያለውም ከአሜሪካ ኮሌጆች አሥር በመቶ ገደማ በሚሆኑት ብቻ ነው። ማመልከት አይቻልም፣ እነሱ ናቸው የሚጠሯችሁ። ግን መዘጋጀት ይቻላል። ከውጤት በተጨማሪ የሒሳብ ኮርስ እና ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ማወቅን ያያሉ። አማርኛችሁ ይቆጠርላችሁ እንደሆነ፣ በምን ማስረጃ እንደሚቆጠር ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ። መመረቂያ ዓመት ላይ ከሆነ ጊዜው ያልፋል።

ለእኛ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን እኔ ያጠፋሁት ፋይ ቴታ ካፓ ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጆች ማኅበር ነው፣ በ1918 ሚዙሪ ውስጥ ተመሠረተ። አብዛኛውን ጊዜ 12 ክሬዲት እና 3.5 ጂፒኤ ይበቃል። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው፣ ዋናው ለማኅበሩ ሆኖ ትንሽ ለአካባቢው ቅርንጫፍ ይጨመርበታል። በርካታ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡ አባላቱ ብቻ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የምትማሩ፣ ለመዛወር ያሰባችሁትን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ከፍታችሁ የዚህን ማኅበር ስም ፈልጉ። ስኮላርሺፕ ካለ መጠኑም ቀነ ገደቡም እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ ክፍያው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ። ለመክፈል አቅም ካጣችሁ ደግሞ ለቅርንጫፉ አማካሪ መምህር በግልጽ ንገሩ። አንዳንድ ኮሌጅ ይሸፍናል፣ ግን ካልተጠየቀ አይሸፍንም።

በትምህርት ዘርፍም አለ። ነርሲንግ ላይ የእኛ ልጆች ብዙ ስለሆናችሁ ሲግማ ቴታ ታውን እወቁ። በ1922 ኢንዲያና ውስጥ ስድስት የነርሲንግ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት። የባችለር ተማሪ የነርሲንግ ኮርሶቹን ግማሽ ሲጨርስ፣ ከ3.0 በላይ ሲኖረው እና ከክፍሉ የላይኛው 35 በመቶ ውስጥ ሲሆን ይጋበዛል። ልብ በሉ፣ 4.0 አይደለም የሚጠይቀው። ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራች ቀን የምትማር ልጅ ልትገባበት የምትችለው ነው። ኢንጂነሪንግ ላይ ታው ቤታ ፓይ አለ፣ ከ1885 ጀምሮ። እሱ ከሦስተኛ ዓመት የላይኛውን አንድ ስምንተኛ፣ ከአራተኛ ዓመት የላይኛውን አንድ አምስተኛ ነው የሚያየው። ለቢዝነስ ቤታ ጋማ ሲግማ፣ ለአካውንቲንግ ቤታ አልፋ ሳይ። የትኛውንም ዘርፍ የማይለየው ፋይ ካፓ ፋይ ደግሞ ከሦስተኛ ዓመት የላይኛውን 7.5 በመቶ፣ ከአራተኛ ዓመት የላይኛውን 10 በመቶ ይወስዳል።

የትኛው እውነተኛ ነው

የእኔ ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ስም እያሳመሩ አባልነት የሚሸጡም አሉ። ሌቦች ላይሆኑ ይችላሉ፣ የከፈላችሁበትን ሰርተፊኬት ይልኩላችኋል። ግን ወረቀቱን የሚያውቀው ሰው የለም።

እኔ አሁን የምለየው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ አልነካም። የኮሌጁን ድረ ገጽ ራሴ ከፍቼ ማኅበሩ እዚያ ቅርንጫፍ እንዳለው አያለሁ። እውነተኛ ከሆነ አማካሪ የሆነ መምህር አለው፣ ስሙ አለ፣ ቢሮው አለ፣ ሄዶ ማናገር ይቻላል። ቀጥሎ የኮሌጅ ኦነር ሶሳይቲዎች ኅብረት የሚባል በ1925 የተቋቋመ ድርጅት አለ፣ አባል የሆኑትን ማኅበራት በድረ ገጹ ዘርዝሯል። የግድ እዚያ ውስጥ መሆን አለበት አልልም፤ ፋይ ቤታ ካፓን የመሰለው ማኅበር እንደዚህ ዓይነት ምስክር አያስፈልገውም። ግን ማኅበሩን ማንም የማያውቀው ከሆነ፣ ዝርዝሩ ውስጥም ከሌለ፣ ኮሌጁም ካላወቀው ተዉት።

መስፈርቱንም እዩ። ስንት ጂፒኤ፣ ስንት ክሬዲት፣ ከላይኛው ስንት በመቶ የሚል ቁርጥ ያለ ነገር ከሌለና «የመሪነት አቅምህን አይተናል» ብቻ ከሆነ፣ ማን አየው? የት አየው? ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ ከካርዳችሁ የሚቆረጥ? ነገ ካልከፈልክ ቦታህ ያልፋል ብሎ የሚያጣድፍም ጥሩ ምልክት አይደለም። ቀለበት፣ ፍሬም፣ ሜዳሊያ ግዙ ማለቱ ግን ብቻውን አያስፈርድበትም፣ እውነተኞቹም ይሸጣሉ። አትግዙ፣ አለቀ።

ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩና የፌደራል መንግሥት ሥራ ለምታስቡ የኅብረቱ ዝርዝር ሌላ ጥቅም አለው። ባችለር ይዞ ያለ ልምድ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጂኤስ 5 በሚባለው የመንግሥት ደሞዝ ደረጃ ላይ ነው የሚጀምረው። ከፍ ያለ የትምህርት ውጤት ያለው ግን ለብዙ ሥራዎች በጂኤስ 7 ማመልከት ይችላል። ይህን ማሳየት ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ በዚያ ኅብረት የታወቀ ማኅበር አባል መሆን ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማኅበር ግን አይቆጠርም። ሀቁን ለመናገር አጠቃላይ ጂፒኤ 3.0፣ ወይም በዋናው ትምህርት 3.5፣ ወይም ከክፍሉ የላይኛው ሲሶ ውስጥ መሆንም ይበቃል። ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ብቻ አትክፈሉ። ውጤቱ ካላችሁ ግን ጂኤስ 5 ላይ ብቻ አታመልክቱ፣ የሁለት ደረጃ ደሞዝ ልዩነት ነው።

ገንዘብ ያለበት ሽልማት

ልደርስበት የፈለግኩት እዚህ ነው። አባልነት በር ነው፣ ገንዘቡ ያለው ማመልከቻው ላይ ነው።

ትልልቆቹን ልጥቀስ። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት ለሚዛወሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚያገኘው፣ ግን የሚያገኘው ያመለከተ ብቻ ነው። ሳይንስና ሒሳብ ላይ ምርምር ለምትሠሩ ጎልድዋተር አለ፣ እስከ 7,500 ዶላር፤ ለእሱ ኮሌጃችሁ ነው የሚያጫችሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኮሌጅ ውስጥ ያለውን ውድድር ማለፍ አለባችሁ። ፔል ግራንት (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠውን የፌደራል እርዳታ) የምታገኙ የአሜሪካ ዜጎች ከሆናችሁ ጊልማን ውጭ አገር ሄዶ ለመማር እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ማስተርስ፣ ሕግ ወይም ሕክምና ለምታስቡ ደግሞ ፖል ኤንድ ዴይዚ ሶሮስ የሚባለው ለስደተኞችና ለስደተኛ ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ በዓመት 30 ሰው፣ ለአንድ ሰው እስከ 90,000 ዶላር። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘም ማመልከት ይችላል። ከ30 ዓመት በላይ ግን አይቀበልም፣ እሱን አትርሱ።

እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት የምልካችሁ ወደ ራሳችሁ ኮሌጅ ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ፋውንዴሽን የሚባል ቢሮ አለው፤ አንድ ማመልከቻ ሞልታችሁ ከብዙ ትናንሽ ስኮላርሺፖች ጋር ያገናኛችኋል። ዲፓርትመንቶችም የየራሳቸው ሽልማት አላቸው። የዓመቱ የባዮሎጂ ተማሪ፣ ጥሩ የሒሳብ ተማሪ፣ ለስደተኛ ተማሪ አንድ ቤተሰብ ያቋቋመው 1,000 ዶላር። እነዚህን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ የሚያመለክተው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ሄዳችሁ ጠይቁ። በእኔ ልምድ ከድረ ገጹ የበለጠ እሷ ታውቃለች።

ኤሴው ላይ ሁላችንም እንወድቃለን። «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ፣ ትምህርት እወዳለሁ፣ ቤተሰቤን ማኩራት እፈልጋለሁ» ብለን እንጽፋለን። አንባቢው ይህን ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ነው የዋለው። ያደረጋችሁትን ጻፉ። ከአሥራ ሁለት ዓመታችሁ ጀምሮ እናታችሁን ክሊኒክ እየወሰዳችሁ ታስተረጉማላችሁ? ይጻፍ። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ውስጥ ልጆች ታስተምራላችሁ? የበጎ ፈቃድ ሥራ ማለት ይኸው ነው፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ዓመት ብላችሁ ቁጥሩን አስቀምጡ። ኡበር እየነዳችሁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በኤ አለፋችሁ? ስንት ሰዓት እየነዳችሁ? እኛ ይህን ሁሉ እንደ ግዴታ ስለምናየው መጻፍ እናፍራለን። ጉራ አይደለም። እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ የሚባል ነገር የለውም።

ቀጥሎ ሪኮመንዴሽን ደብዳቤ። መምህርን ማክበር ማለት ራቅ ብሎ መቀመጥ የሚመስለን አለን። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ኦፊስ አወር፣ መምህሩ ቢሮው ተማሪ የሚያነጋግርበት ሰዓት፣ ሄጄ አላውቅም ነበር፣ ማስቸገር እየመሰለኝ። መምህሩ ደግሞ ከግሬዴ በቀር ስለ እኔ የሚያውቀው የለም፣ ምን ብሎ ይጻፍ? ሴሚስተሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ደግማችሁ ሂዱ። ደብዳቤ ስትፈልጉ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጥያቄውንም እንዲህ አድርጉት፦ ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ የሚችሉ ይመስልዎታል? እንዲህ ከተጠየቀ የማይችል ሰው በጨዋ ደንብ ማምለጫ ያገኛል፣ እናንተም ከደካማ ደብዳቤ ትድናላችሁ። እሺ ካለ የሽልማቱን መግለጫ፣ ሬዙሜያችሁን፣ በእሱ ክፍል የሠራችሁትን ጥሩ ወረቀት እና ቀነ ገደቡን በአንድ ኢሜይል ላኩለት። ሳምንት ሲቀረው አስታውሱት። አይቆጣም፣ ይጠብቀዋል። ውጤቱ ሲመጣ፣ ባይሳካም እንኳን፣ አመስግኑት።

ገንዘቡ ሲመጣ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ከውጭ ስኮላርሺፕ ስታመጡ አንዳንድ ኮሌጅ ራሱ የሰጣችሁን እርዳታ ይቀንሳል። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ በመገደብ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ከግራንቴ ላይ ነው ወይስ ከብድሬ ላይ የምትቀንሱት ብላችሁ ጠይቁ። ከብድር ላይ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ዲግሪ ለሚማር ሰው ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለው ታክስ የለበትም፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ የዋለው ግን አለበት። ደረሰኛችሁን አስቀምጡ።

ስለ መኖሪያ ወረቀትም የሚጠይቁኝ አሉ። በጥቅሉ የማኅበራቱ አባልነት ዜግነት አይጠይቅም፣ ውጤት ነው የሚያየው። የመንግሥት የሆኑት ግን ወረቀት ያያሉ፦ ጊልማን ዜግነት ይጠይቃል፣ ጎልድዋተር ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀበላል። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ የኮሌጁን ፋውንዴሽንና የዲፓርትመንት ሽልማቶችን አስቀድሙ።

አባል ከሆናችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ስብሰባ ሂዱ። ሰው ሁሉ ስሙን ሬዙሜ ላይ አስፍሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ገንዘብ ያዥ ወይም ጸሐፊ የሚሆን ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል፤ እናንተ ግቡበት። ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ላይ ከአባልነቱ የበለጠ የሚታየው እሱ ነው።

ደግሞ የማኅበሩ አባላት በምረቃ ቀን አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን ገመድ ቀድማችሁ እዘዙ። ብዙ ጊዜ ከምረቃው ሳምንታት በፊት ነው ትዕዛዙ የሚዘጋው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ የዲፓርትመንቴን ማኅበር ግብዣ ተቀብዬ ስለነበር አንዱን አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። እናቴ ከሰው መሃል አይታው ምንድነው እሱ ብላ ጠየቀችኝ፣ አስረዳኋት። አሁን ሳሎን ውስጥ ከፎቶው ጋር ሰቅላዋለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እሷ ናት የምታስረዳው።